ከተማ ከኮረብታ ስለ ምን ይወርዳል?

ስለ እንጦጦ፥ ስለ የካና ስለ ኢጣልያ የኮረብታ ከተሞች የቀረበ አጭር ጥናት

በቦሌ ሜዳ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ሰሜን የመለሰ ሰው በስተ ግራ የእንጦጦን ጋራ፥ በስተ ቀኝ ደግሞ የየካን ኮረብታ ያያል። ብዙዎቻችን ይህን ጋራ በየቀኑ እያየን ወደ ትምህርታችን እንሄዳለን። ነገር ግን ጋራው አንድ ጊዜ ራሱ ዋና ከተማ እንደ ነበረ፥ ዛሬ ሕንፃና መንገድ የሞላው የቦሌ ሜዳም በዚያን ጊዜ የግጦሽና የእርሻ ቦታ እንደ ነበረ የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ከተማው ከላይ ወደ ታች ወርዷል። የወረደውም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ በኢጣልያ አገር ኦርቪዬቶ፥ ሲዬና፥ ፔሩጃ፥ አሲዚ የሚባሉ ከተሞች በኮረብታ ላይ እንደ ተሠሩ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ እስከ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። እንግዲህ ማንም የታሪክ ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይኸው ነው፤ የእነርሱ ከተማ ከላይ ሲቀር የእኛ ስለ ምን ወረደ?

ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። «እነርሱ በድንጋይ ሠሩ፤ እኛ በእንጨትና በጭቃ ሠራን» ይባላል። እኛ ግን ይህ መልስ በቂ ነው ብለን አናምንም። ድንጋይ ብቻውን ከተማን በኮረብታ ላይ አያቆይም። ከተማን የሚያቆየው ውኃውና ማገዶው የሚቀርብበት ሥርዓት፥ ያንንም የሚሸከመው ሰው ነው። ይህን አሳባችንን ከዚህ ቀጥሎ በየተራ እናስረዳለን።

ሀ) ስለ ቃሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉን እንመርምር። «ከተማ» የሚለው ስም የወጣው «ከተመ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ይኸውም ጉዞውን አቁሞ ሰፈረ ማለት ነው። በግዕዝም ቃሉ ጫፍ፥ ዳር፥ መጨረሻ የሚል ትርጉም አለው። በቀድሞ ዘመን ንጉሡ ድንኳኑን የተከለበትና ሠራዊቱ በዙሪያው ያረፈበት ስፍራ ከተማ ይባል ነበር፤ ስፍራውም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ቦታ ነበር። ስለዚህ የጥንቱ ከተማ ዛሬ እንደምናስበው በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚኖር ሳይሆን፥ ሲያስፈልግ ተነሥቶ የሚሄድ ነበር።

«ሰፈር» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ሠራዊት ያረፈበት ቦታ ሰፈር ይባል ነበርና ዛሬ በቦሌ በኩል «ወሎ ሰፈር» ስንል ሳናውቀው የጦር ሠራዊትን ቋንቋ እንናገራለን። «አምባ»ም ዙሪያው ገደል፥ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ማለት ሲሆን፥ ዛሬ በሜዳ ላይ የተሠራ የመኖሪያ ቤት ሁሉ አምባ እየተባለ ይሰየማል። ከተማው ከኮረብታው ቢወርድም ቃላቱን ይዞ ወርዷል።

ለ) ሰው ስለ ምን ወደ ላይ ይወጣል?

ሰው ወደ ኮረብታ ወጥቶ የሚሠራባቸው ምክንያቶች በኢጣልያም ሆነ በእኛ አገር ተመሳሳይ ናቸው። መጀመሪያው መከላከያ ነው። ከላይ ያለው ጠላቱን ከሩቅ ያያል፤ ከታች የሚመጣው ግን ሽቅብ ሲወጣ ይደክማል። ሁለተኛው ጤንነት ነው። በኢጣልያ ማሬማ የሚባለው የባሕር ዳር ሜዳ በወባ ምክንያት ለብዙ ዘመን የሚፈራ ቦታ ነበር። በእኛም አገር ደገኛው ወደ ቆላ ሲወርድ ንዳድን ይፈራ ነበር። ሦስተኛው እምነት ነው። ከፍ ያለ ቦታ ለጸሎት የተመቸ ነው ተብሎ ይታመናልና፥ በሁለቱም አገር ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ጊዜ በአናቱ ላይ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመምጣታቸው በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበርም የኮረብታ ከተማ ነበረች። ከአንኮበር ላይ ሆኖ ወደ አዋሽ በረሓ የሚወርደውን አገር መመልከት ይቻላል። እንግዲህ ወደ ላይ የመውጣቱ ምክንያት አንድ ከሆነ፥ ልዩነቱ የመጣው በላይ ከመቆየቱ ላይ ነው።

ሐ) ኦርቪዬቶ ውኃዋን እንዴት አገኘች?

ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረች መንግሥት ናት፤ ይህን የሚረሳ የለም። ይሁን እንጂ ስለ ከተማ የሚያጠና ተማሪ ከማንም አገር ቢሆን ሊማር ይገባዋል።

ኦርቪዬቶ ከሮማ በስተ ሰሜን፥ እሳተ ገሞራ ከተፋው አመድ በተጋገረ ለስላሳ አለት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ገደል ስለ ሆነ ለመከላከል የተመቸች ነበረች። ችግሯ ግን ውኃ ነበር፤ አንድ ጠላት ዙሪያዋን ከቦ ቢቀመጥ በውኃ ጥም ልትያዝ ትችል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1527 ሮማ በወታደሮች በተዘረፈች ጊዜ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት 7ኛ ሸሽተው ወደ ኦርቪዬቶ ገቡ፤ ይህንንም ችግር አይተው ትልቅ የውኃ ጕድጓድ እንዲቆፈር አዘዙ። መሐንዲሱ አንቶንዮ ዳ ሳንጋሎ ታናሹ ነበር። ሥራው አሥር ዓመት ያህል ወስዶ በ1537 ተፈጸመ።

የዚህ ጕድጓድ ጥልቀት ከ50 ሜትር ይበልጣል። የሚያስደንቀው ግን ጥልቀቱ ብቻ አይደለም። በዙሪያው እየተጠማዘዙ የሚወርዱ ሁለት ደረጃዎች አሉ፤ እያንዳንዱም 248 እርከን አለው። ሁለቱ ደረጃዎች እርስ በርሳቸው አይገናኙም። ውኃ ለመቅዳት የሚወርዱት በቅሎዎች በአንደኛው ይወርዳሉ፤ ጭነው የሚመለሱት በሌላው ይወጣሉ። ስለዚህ ወራጁና ወጪው በጠባብ መንገድ ላይ አይጋፉም ነበር። ሲዬናም እንዲሁ ከአለቱ ሥር 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ የውኃ መተላለፊያ አስቆፍራ ነበር።

እንግዲህ የኦርቪዬቶን ግንብ ስናደንቅ ያንን ጕድጓድ የቆፈሩትን ሰዎችና ውኃውን የተሸከሙትን በቅሎዎች መርሳት አይገባንም። ከተማዋ በላይ የቆየችው እነዚህ ስለ ሠሩላት ነው።

ድንጋይ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ የምትባል ሌላ የኮረብታ ከተማ ትመሰክራለች። ከኦርቪዬቶ ሩቅ አይደለችም። ቤቶቿ ሁሉ የድንጋይ ናቸው። ነገር ግን የቆመችበት አለት በዝናብና በነፋስ እየተሸረሸረ ሄደ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1695 ከደረሰው የምድር መናወጥ በኋላም ብዙው ሰው ትቷት ሄደ። ዛሬ ወደ እርስዋ የሚገባው በእግር ድልድይ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባት ሰዎች ከሃያ አይበልጡም ይባላል፤ የሚጐበኛት ሰው ግን እጅግ ብዙ ነው፤ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም ለመግቢያ ይከፍላል። ቤቱ አለ፤ ጐብኚው አለ፤ ከተማው ግን የለም ማለት ይቻላል።

መ) እንጦጦ ስለ ምን ተተወ?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በእንጦጦ ከተሙ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከዚያ የቆመ ሰው በስተ ደቡብ ዝቋላን፥ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የረርን፥ በስተ ምዕራብ ወጨጫን ስለሚያይ ለንጉሥ ጦር የተመቸ ቦታ ነበር። በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ይሁን እንጂ ዘውዱ በተጫነበት ቀን ከተማው መውረድ ከጀመረ ሦስት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከጋራው ግርጌ በፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ቦታው ቀድሞ ሰው ያልነበረበት አልነበረም፤ በዚያ የቱለማ ኦሮሞ ይኖር ነበር፤ ፍል ውኃው ያለበትም አገር ፊንፊኔ ይባል ነበር። ዛሬ ጉለሌና የካ ብለን የምንጠራቸውም ስሞች በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ጎሳዎች የቀሩ ናቸው።

የመውረዱ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው። አንደኛ፥ በእንጦጦ ብርዱና ነፋሱ ብርቱ ነበር፤ በክረምትም መብረቁ ያስፈራ ነበር። ሁለተኛ፥ ለብዙ ሺሕ ሰው የሚበቃ እህልና ውኃ ወደ ላይ ማውጣት አድካሚ ነበር። ሦስተኛ፥ በዙሪያው ያለው ደን ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ አለቀ። አራተኛ፥ የምኒልክ ግዛት እየሰፋ ሲሄድ ጠላት በአጠገብ ይመጣል የሚለው ሥጋት ቀነሰ። እንግዲህ ወደ ላይ ያወጣው ምክንያት ሲደክም፥ ወደ ታች የሚስበው ምክንያት በረታ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አዲስ አበባም ራስዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማገዶዋን ጨረሰች። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። እንደ ጥንቱ ልማድ ቢሆን ከተማው ነቅሎ በሄደ ነበር። ያስቀረው ከብዙ ምክንያቶች ጋር አንድ ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ማለቂያ ገደማ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ፥ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ስለ ሆነ፥ ለከተማው የማያልቅ ማገዶ ሆነ። ለአዲስ ዓለም የታሰበው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም በቦታዋ ጸናች። ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሲገባ ነቅሎ የመሄድ ነገር ጨርሶ ቀረ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል እንለምናለን። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ቤቶች አብዛኞቹ የእንጨትና የጭቃ፥ የሣር ክዳን ነበሩ። ነገር ግን ከተማው ቆየ። ያቆየው ማገዶው ነው እንጂ ድንጋይ አይደለም።

ሠ) የካ ዋሻ ሚካኤል

ከመገናኛ በስተ ሰሜን፥ ከየካ ሰፈር በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ዋሻ ሚካኤል የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሕዝቡ ትውፊት ሥራውን ለአብርሃና ለአጽብሐ ይሰጣል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን በመካከለኛው ዘመን፥ ማለት ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ እንደ ተሠራ ይገምታሉ። በየትኛውም ቢቆጠር ከአዲስ አበባ ብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ «አዲስ አበባ የትናንት ከተማ ናት፤ ጥንታዊ ነገር የላትም» የሚል ሰው ወደ የካ ወጥቶ ይመልከት።

በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ በአገራችን ባራራ የሚባል የነገሥታት ከተማ ተጽፏል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህች ከተማ በዚሁ በእንጦጦና በአካባቢው እንደ ነበረች ያስባሉ። እንዲህ ከሆነ ምኒልክ የከተሙበት ጋራ ቀድሞም የተከተመበት ነው ማለት ነው።

በአንድ ቅዳሜ ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር ወደዚያ ወጥተን ነበር። ዳገቱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት ባልቴት ቆመው ሲያርፉ አገኘናቸው። ሰላምታ ሰጥተን «እማማ፥ ሸክሙ አይከብድዎትም?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ሸክሙንስ ጀርባ ይለምደዋል፤ ታች ያለው ሰው እንጀራውን በምን ይጋግረው?» አሉን። እኛም የምንመልሰው አጣን። በኦርቪዬቶ በቅሎ ውኃ ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ በእንጦጦና በየካ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሴቶች ማገዶ ተሸክመው ወደ ታች ወርደዋል። የከተማችን ታሪክ የነገሥታቱን ስም ይዟል፤ የእነዚህ እናቶች ስም ግን በማንም መጽሐፍ የለም።

ከላይ ደርሰን ዋሻ ሚካኤልን ስናይ ግድግዳው፥ ዓምዱና መስኮቱ ከዚያው ከአለቱ የወጡ ናቸው። ድንጋይ ከሌላ ቦታ መጥቶ አልተደረበም፤ ጠራቢው የማያስፈልገውን እያነሣ የሚያስፈልገውን አስቀረ እንጂ። አለቱ የኦርቪዬቶን አለት እንደ ወለደው ያለ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ የሚያህል የድንጋይ ሥራ በዙሪያው ከተማን አላስቀረም። ዋሻውን ያስፈለፈሉት ሰዎች ሄደዋል፤ የቤታቸው ምልክት ለተራ ተመልካች አይታይም። እነሆ ከላይ ላነሣነው አሳብ ከዚህ የበለጠ ምስክር አንፈልግም። ድንጋዩ ቀረ፤ ከተማው አልቀረም።

ረ) ለሚጐበኝ ተማሪ የተሰጠ ምክር

ወደዚህ ስፍራ የሚወጣ ተማሪ ለሽርሽር ብቻ እንዳይሄድ እንመክራለን። ስለዚህ የሚከተሉትን ያስተውል።

1ኛ) ቦታው የጸሎት ቦታ ነውና አስቀድሞ የደብሩን አገልጋዮች ፈቃድ ይጠይቅ፤ ጫማውን ያውልቅ፤ በአለቱ ላይ ስሙን አይጻፍ፤ አይፋቅ።

2ኛ) ሜትርና እርሳስ ይያዝ። የበሩን ስፋት፥ የመስኮቱን ከፍታ፥ የዓምዱን ውፍረት ለክቶ ይጻፍ። ፎቶግራፍ መልኩን ያሳያል እንጂ ልኩን አይነግርም።

3ኛ) ውኃ የሚሰርግበትን፥ ሽበት የበቀለበትን፥ አለቱ የተሰነጠቀበትን ቦታ በወረቀት ላይ ያመልክት፤ ቀኑንም ይጻፍበት። ከዓመት በኋላ ሌላ ተማሪ ሄዶ ሲያነጻጽረው ጉዳቱ መጨመሩ ይታወቃል።

4ኛ) በአካባቢው ያሉትን ሽማግሌዎች የወንዙን፥ የምንጩንና የጋራውን ስም ጠይቆ በሰሙት ቋንቋ፥ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፥ እንደ ነገሩት ይጻፍ። አንድ ሽማግሌ በሞተ ቍጥር አንድ የቦታ ስም አብሮ ሊቀበር ይችላል።

5ኛ) በመጨረሻ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ይመልከት። ኮተቤን፥ መገናኛን፥ ጉርድ ሾላን፥ ገርጂን፥ ከዚያም ወዲያ የቦሌን የአውሮፕላን ማረፊያ ያያል። ይህ ሁሉ ሰው ውኃ ከየት እንደሚያገኝ ራሱን ይጠይቅ።

ሰ) ማጠቃለያ

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከተማው ወደ ሜዳ ስለ ወረደ ከኮረብታው ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ቀበናን የመሰሉ ወንዞች ከእንጦጦ ይነሣሉ። በምሥራቅ በኩል በሰንዳፋ መንገድ ያለው የለገዳዲ ግድብም ከደጋው የወረደውን ውኃ አጠራቅሞ ለከተማው ይሰጣል። ኮረብታው ሲራቆት አፈሩ ይታጠባል፤ የክረምቱም ጎርፍ በታች ባለው ሰው ደጅ ይደርሳል። ስለዚህ የቦሌ ሰው በየካ ላይ ስለሚሆነው ነገር አያገባኝም ሊል አይችልም።

በዛሬው ጊዜ ደግሞ ታሪኩ የተገለበጠ ይመስላል። በየካ ኮረብቶች ላይ «ጫካ» የተባለው ሰፊ የግንባታ ሥራ ተጀምሯል። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሲወርድ የነበረው ከተማ አሁን መልሶ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። እኛ ግንባታን የምንጠላ አይደለንም። ነገር ግን ከላይ ያየነው ታሪክ ጥቂት ጥያቄዎችን እንድንጠይቅ ያስገድደናል። ለላይኛው ውኃ ከየት ይወጣል? ከላይኛው የሚወርደው ጎርፍ ወዴት ይሄዳል? በዚያ ይኖር የነበረውና በዚያ ማገዶ ይለቅም የነበረው ሰው የት ይገባል? እነዚህ ጥያቄዎች በኦርቪዬቶ በጊዜው ተጠይቀው መልስ አገኙ፤ በእንጦጦ መልስ አላገኙም፤ ስለዚህ እንጦጦ ተተወ። ለቺቪታ ደግሞ መልሱ ዘግይቶ የቲኬት መሸጫ ሆነ።

የታሪክ፥ የጂኦግራፊና የቋንቋ ተማሪዎች ነን የምንል ሁሉ በየካ ላይ የምንሠራው ሥራ አለን። አለቱ ይለካ፤ ስሞቹ ይጻፉ፤ ሸክም የተሸከሙት እናቶች ታሪካቸው ከአፋቸው ይሰማ። ይህን ለማድረግ የሚፈልግ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የለካውንና የሰማውን ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች ቢያቀርብ፥ በየእትሙ ጥቂት ጥቂት እየታተመ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ መዝገብ ይወጣዋል። ክረምቱ ሳይገባና መንገዱ ሳይጨቀይ ብንጀምር መልካም ነው።